የጋሽ መረዋ ፊትና ድምፅ

ጋሽ መረዋን ሰው የሚያውቃቸው በድምፃቸው ነበር። መልካቸውን የሚያውቀው ጎረቤትና ባለሱቅ ብቻ ነው። ዕድሜያቸውን በራዲዮ ድራማ የጨረሱ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ዳኛ፣ አንድ ጊዜ ሌባ፣ አንድ ጊዜ ሚስቱ የሸሸችው ነጋዴ እየሆኑ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወረቀት ይዘው ያወራሉ፤ ውጭ ደግሞ ሰው በየቤቱ ሥራውን አቁሞ ጆሮውን ይሰጣል። ታክሲ ተሳፍረው "ወራጅ አለ" ሲሉ ሾፌሩ ዞር ብሎ "እንዴ፣ እርስዎ ነዎት?" ይላል። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ያያቸውና ቅር ይለዋል። በድምፃቸው ሰው የሚስለው ግዙፍ፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው፤ እሳቸው አጭር፣ ከሲታ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሁልጊዜ ከአንገታቸው የሚሰፋ ሰው ነበሩ። "ሰው አይቶኝ ደስ ብሎት አያውቅም" እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልድ ይበሉት እንጂ ቀልድ እንዳልሆነ ልጃቸው ታውቅ ነበር።

ልጃቸው ድምፅ ቀጂ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስላረፈችባት፣ አባቷ የሚጠብቅላቸው ሰው ሲያጡ ወደ ሥራ ይዘዋት ይሄዱ ነበር። የቀረጻው ክፍል ጥግ ላይ ያስቀምጧትና "እናቴ፣ እስክጨርስ ትንፍሽ እንዳትይ" ይሏታል። ትንፍሽ አትልም። ሌላው ልጅ መናገር ሲማር እሷ ዝም ማለት ተማረች እያሉ ዘመዶቿ ይስቁባት ነበር። እውነትም ነው። ካደገች በኋላም ሰው ፊት ቃል ከአፏ ቶሎ አይወጣም፤ ጆሮዋን የሚያመልጠው ነገር ግን የለም። ጎረቤት በር ሲዘጋ በአዘጋጉ ብቻ ማን ተጣልቶ እንደገባ ታውቃለች።

አብረዋት የሚሠሩት ፊልም ሠሪዎች "ፀጥታ አስከባሪዋ" ይሏታል። መሣሪያዋን ተሸክማ ስትመጣ ካሜራማኑ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳና "መጣች ፀጥታ አስከባሪዋ፣ መታወቂያችሁን አውጡ" ይላል። ሰው ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ግን አንገቷን ደፍታ ነው።

በዚያ ሥራ ውስጥ ድምፅ ማለት የእንጀራ ልጅ ነው። መብራት ለማስተካከል ተብሎ ግማሽ ቀን ይጠበቃል። ለተዋናይቷ ፀጉር ተብሎ ሁሉም ቆሞ ይውላል። እሷ ግን "ውጭ ሞተር ብስክሌት አለ፣ እስኪያልፍ እንጠብቅ" ስትል ሁሉም ሰዓቱን ያያል። "እሱ በኋላ ይስተካከላል" ይሏታል። ይህን የሚሉት ደግሞ በኋላ የማይኖሩት ሰዎች ናቸው። እሷ ስለ ሥራዋ ብዙ መናገር አይሆንላትም፤ ሲጠይቋት ብቻ አንድ ያየችውን ነገር ታወራለች። አንድ ፊልም ሲመረቅ አዳራሽ ውስጥ ነበረች። ልጅቷ ወንዝ ዳር ቆማ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ "ጥለኸኝ አትሂድ" ትላለች፤ ከኋላዋ ጄኔሬተር ያጓራል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ምስሉ ግን ምንም አይወጣለትም ነበር። ሰው ምስሉ ቢጨልምበት አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ድምፁ ከተበላሸበት ግን ወዲያው ልቡን ይዘጋል፤ ለምን እንደዘጋም አያውቅም። እንዲህ ትላለች፤ ከዚህ በላይ አትልም።

አንድ ልማድ ነበራት። በአንድ ክፍል የሚቀረጸው ነገር ሲያልቅ፣ ሰው ዕቃውን ከመሰብሰቡ በፊት፣ ሁሉም ባለበት ቆሞ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም እንዲል ትለምናለች። የቤቱን ዝምታ ለመቅዳት ነው። ባዶ ቤት ዝም ያለ ይመስላል እንጂ ዝም አይልም። ጣሪያው አለ፣ የመብራቱ ሽቦ አለ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው መንገድ አለ። የአንዱ ቤት ዝምታ ከሌላው ቤት ዝምታ ጋር አይገጥምም። ፊልሙ ተቆራርጦ ሲሰፋ፣ በንግግርና በንግግር መሀል የሚቀረው ክፍተት የሚደፈነው በዚያ ነው። አለዚያ ቃሉ ሁሉ ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲዘል ይሰማል። ካሜራማኑ በዚያች ደቂቃ ሁልጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያንኮራፋ ይመስል ከንፈሩን ያወዛውዛል፤ ድምፅ ግን አያወጣም። መቀለድ ይወዳል እንጂ ሥራዋን ያከብር ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ወደ ቤታቸው መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፤ ሰው ሲያነጋግር ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። በአዲሱ ፊልሙ ላይ አንድ ሽማግሌ አባት አለ፤ ልጁን ጥሏት ሄዶ ካረጀ በኋላ የሚመለስ አባት። ለዚያ ቦታ ጋሽ መረዋን ፈልጎ ነው። አባቷ መጀመሪያ ነገሩ ስላልገባቸው ለድምፅ ብቻ መስሏቸው እሺ አሉ። ዳይሬክተሩም "ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ፊትዎን ፈልጌ ነው" አላቸው።

አባቷ እጃቸውን አንስተው ጉንጫቸውን ዳሰሱ፤ መላጨት እንደረሱ አሁን ትዝ ያላቸው ይመስል። "ፊቴን?" አሉ። ዳይሬክተሩ ከሄደ በኋላ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆመው ብዙ ቆዩ። ልጃቸው እራት ልታቀርብ ስትጠራቸው ወጡና እንደ ልጅ እያፈሩ፣ "ከእንግዲህ ታክሲ ውስጥ ሰው አይቶኝ አይደናገጥም። ይዩኝና ይገላገሉ" አሏት። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም። እሷም የምትቀዳው የአባቷን ድምፅ ሊሆን ነው።

ቀረጻው የተያዘው ወፍጮ ቤት ጎን ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ ለመንገድ ማስፋፊያ ሊፈርስ የተወሰነበት ስለሆነ ባለቤቱ እስኪያፈርሱት ተጠቀሙበት ብሎ ለቀቀላቸው። ለዓይን የሚያምር ቤት ነው፤ ቀለሙ የተላላጠ፣ እንጨቱ የጠቆረ፣ በሩ ሲከፈት የሚያቃስት። ድምፅ ቀጂዋ ግን ገና ስትገባ ፊቷ ተለወጠ። ወፍጮው በግድግዳው ውስጥ ያጉረመርማል። ጩኸት አይደለም፤ የታመመ ሰው እንደሚያቃስተው ያለ ከስር የማይጠፋ ነገር ነው። ለዳይሬክተሩ ነገረችው። እሱም ቤቱን ዙሪያውን አየው፣ ግድግዳውን ዳሰሰና "ቤቱን ግን እይው እስቲ" አላት። ተወችው። የቤቱን ዝምታ ከነወፍጮው እቀዳለሁ፣ ከዚያ ሁሉም ይዋሃዳል ብላ ራሷን አጽናናች።

ትንሿን ማይክ በአባቷ ኮሌታ ስር የምትሰካላቸው ራሷ ነበረች። ያችን ማይክ ያደረገ ተዋናይ ራቅ ብሎ ቢሄድም ንግግሩ በጆሮዋ ይገባል። በሙያው ወግ፣ ተዋናዩ እረፍት ሲወጣ ድምፁን ዝቅ ታደርጋለህ፤ የሰው ገመና ነው። እሷም ለሁሉም እንዲህ ታደርግ ነበር። ለአባቷ ግን አላደረገችም። ድምፃቸው በጆሮዋ ሲገባ ልጅነቷ ይመጣባት ነበር፣ ያ ነው።

እረፍት ሰዓት ላይ አባቷ ወደ ጓሮ ወጡ። ንግግራቸውን ለራሳቸው ሲደግሙ ትሰማለች። መጀመሪያ ደህና ሄዱ። ከዚያ ቆሙ። ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ። "ቀጥሎ..." አሉ። "ቀጥሎ ምን ነበር?" ትንፋሻቸው ፈጠነ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው ውስጣቸው ያለ ይመስል፣ "አይዞህ" አሉ። "አይዞህ አንተ ሰውዬ። አይዞህ።"

ያኔ ድምፅ ቀጂዋ ብዙ ነገር አንድ ላይ ገባት። ምድጃው ላይ የተረሳው ድስት፣ ሁለት ጊዜ የተገዛው ሳሙና፣ ደግመው ደግመው የሚጠይቋት ጥያቄ። እርጅና ነው እያለች ስታልፈው የከረመችው ሁሉ። ራዲዮ ላይ ሲሠሩ ወረቀት በእጃቸው ነበር፤ በቃል መያዝ አይጠበቅባቸውም። አሁን ወረቀት የለም። ከጓሮ ሲመለሱ ፈገግ ብለው "ደህና ነኝ፣ እናቴ፣ ቀጥይ" አሏት። ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ሌላ ሽማግሌ እንደሚፈለግ ታውቃለች።

የፊልሙ ሆድ የሚባለው ትዕይንት የበሩ ነው። አባትየው ተዘግቶ በቆየው በር ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከውስጥ ያለችውን ልጁን ያናግራታል። "በሩን ክፈቺልኝ። ልግባ ብዬ አይደለም፤ ፊትሽን ላየው ነው" ይላታል። ከዚያ ረጅም ንግግር አለ። ጋሽ መረዋ መጀመሪያውን አሉት፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቢሰማው በሚያስለቅስ ድምፅ አሉት። ከዚያ ቃል ጠፋቸው። ደገሙት፤ ጠፋቸው። ካሜራማኑ እንኳ ቀልዱን ተወ። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ራሱ ከበሩ ኋላ ተደብቆ ንግግሩን ቃል በቃል እየነገራቸው፣ እሳቸው እየተከተሉት ተቀረጸ። ፊታቸው ልዩ ነበር። ያ ግራ መጋባታቸው፣ ያ መፈለጋቸው፣ ልጁን ጥሎ የሄደ አባት ፊት ላይ መኖር ያለበት ነገር ሁሉ ነበረበት። ዳይሬክተሩ ሲጨርስ ዓይኑን እየጠረገ ነው የወጣው። ድምፁ ግን የሁለት ሰው ድምፅ ነው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየገባ ተደባልቋል። የማይረባ ሆነ።

ልጃቸው ግን መላ ነበራት። አባቷን መኪና ውስጥ አስገባቻቸው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነች፣ ማይኩን አፋቸው ሥር ያዘች። እሷ አንድ ሐረግ ትላለች፤ ትጠብቃለች፤ እሳቸው ይደግሙታል። የሚያያቸው ሰው ስለሌለ ነው መሰለኝ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወረቀት እንደያዙ ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ተናገሩት። የጎደለ ቃል አልነበረም። ሲጨርሱ "ጥሩ ነበር?" አሏት። "በጣም ጥሩ ነበር፣ አባዬ" አለቻቸው። ፊቷን አዙራ ሽቦውን ስትጠቀልል እንባዋ ሽቦው ላይ ወረደ።

እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቤቱ ዝምታ። መኪና ውስጥ የተቀዳው ድምፅ ደረቅ ነው፣ ወፍጮ የለበትም፤ ልጁን ሆና የምትሠራዋ ተዋናይት ንግግርና የበሩ ማቃሰት ግን ወፍጮ አለበት። ሁለቱን የሚያዛምደው ያ ዝምታ ነው። ወደ ቤቱ ተመለሱ። ሁሉም ባለበት እንዲቆም ለመነች። ቆሙ። ካሜራማኑም፣ ተዋናይቷም፣ ዳይሬክተሩም፣ እንደ ሐውልት ቀጥ አሉ። መሣሪያውን አስነሳች፤ ወፍጮው በጆሮዋ ገባ።

አባቷ መሀል ላይ ቆመው ነበር። ዕድሜያቸውን በቀረጻ ክፍል ዝምታ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ይህ አዲስ አይሆንባቸውም ብላ ነበር። ግን አንዱን ፊት አዩ፣ ሌላውን ፊት አዩ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል፤ ማንም አይናገርም። ዓይናቸው መዋለል ጀመረ። በኮሌታቸው ስር ያለችው ማይክ አልወለቀችም ነበርና የልባቸው ምት እንኳ ልብሱ ላይ ሲመታ ይሰማታል። ከዚያ በዚያ ድምፃቸው፣ አሁን ግን እንደ ሕፃን በቀጠነ፣ "ምን ሆናችሁ?" አሉ። "ምነው ሁላችሁም ዝም አላችሁ? ማን ሞተብን?"

ማንም አልመለሰም፤ ቀረጻ ላይ መናገር አይፈቀድማ። እሳቸው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

አባቷን ወደ ውጭ ወስዳ፣ ሌላ ሰው እንዲይዛቸው አድርጋ፣ ተመልሳ መቅዳት ትችል ነበር። ይህን ኋላ ላይ ስንት ጊዜ አስባዋለች። ግን በዚያች ሰዓት የጆሮ ማዳመጫውን ከራሷ ላይ አወለቀችና "በቃ፣ ጨርሰናል" አለች። ሄዳ አቀፈቻቸው። "ማንም አልሞተም፣ አባዬ። ሥራ ነው፣ አለቀ" አለቻቸው። ሰው ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ነገ ጠዋት ብቻዬን መጥቼ እቀዳዋለሁ ብላ አሰበች። ወፍጮው የትም አይሄድ፣ ቤቱም የትም አይሄድ።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ከቤት ጠፉ። ዳቦ ልግዛ ብለው ወጥተው አልተመለሱም። ስትሮጥ ዋለች። ወደ አመሻሹ ገደማ ያገኘቻቸው ድሮ ይሠሩበት የነበረው ራዲዮ ጣቢያ በር ላይ ነው፤ ዘበኛው ወንበር ሰጥቷቸው፣ "ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ አስገቡኝ" እያሉ ሲለምኑ። ከዚያ ቀን በኋላ ብቻቸውን ልትተዋቸው አልቻለችም። ከቀናት በኋላ አንዷን ጎረቤት ለምና ወደዚያ ቤት ስትሄድ ጣሪያው ተነስቷል፣ በሩና መስኮቱ ተነቅሎ ተወስዷል። ግድግዳው መሀል ቆማ አዳመጠች። ወፍጮው ይሰማል፤ ግን በሰማይ በኩል ነው የሚመጣው። የዚያ ቤት ዝምታ አይደለም። ቀዳችው፤ እንደማይሆን እያወቀች ቀዳችው።

ፊልሙ ሲቀናበር የፈራችው ሆነ። ኤዲተሩ የአባቷን ድምፅ ከበሩ ትዕይንት ጋር ሲገጥመው፣ ተዋናይቷ ከቤት ውስጥ ስታወራ አባትየው ከሳጥን ውስጥ የሚያወራ ይመስላል። ወፍጮው አለ፣ ይጠፋል፣ አለ፣ ይጠፋል። ድምፅ ቀጂዋ ከቀረጻው ላይ በቃላት መሀል የነበሩትን ቁርጥራጭ ዝምታዎች እየለቀመች ለመስፋት ሞከረች። አንዱ ላይ የተዋናይቷ ትንፋሽ አለበት፣ አንዱ ላይ የዳይሬክተሩ ሹክሹክታ፣ አንዱ ላይ የጫማ ድምፅ። ተሰፍቶ ሲሰማ ቤቱ የሚያስለው ይመስላል። ሌላ ወፍጮ ቤት ሄዳ ቀዳች። አልገጠመም። ኤዲተሩ ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር፤ የጠየቀችውን ሁሉ አደረገላት፤ በመጨረሻ ግን ዓይኖቹን አሻሽቶ "እህቴ፣ እኔም አዝናለሁ፣ ይሄ የሚሆን አይደለም" አላት።

አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። አባቷን ወስዳ፣ ያንን የሚያህል ሌላ ክፍል ውስጥ እንደገና መቅዳት። ቤት ውስጥ ሞከረችው። ሳሎን አስቀመጠቻቸው፣ ማይኩን ያዘች፣ እንደዚያን ቀን ሐረጉን ነገረቻቸው።

"በሩን ክፈቺልኝ" አለች፤ እሳቸው እንዲደግሙት።

አባቷ ወደ በሩ ዞረው አዩ። ከዚያ በፍቅር አዩዋት። "ክፍት ነው እኮ፣ እናቴ" አሏት። "ግቢ።"

እንደገና አለችው። እንደገና "ግቢ፣ ግቢ፣ ምን ያቆምሻል?" አሏት፤ ከወንበራቸው ተነስተው ሊያስገቧት ሞከሩ። ማይኩን አስቀመጠችና ገባች። ማለት፣ ቁጭ ካለችበት ተነስታ በሩ ጋ ሄዳ ገባች። ደስ አላቸው።

ዳይሬክተሩ ከዚያ በኋላ ጠራት። ኤዲተሩን ይቅርታ ብሎ አስወጥቶት ብቻቸውን ተቀመጡ። ብዙ ተናገረ፤ ብዙውን የተናገረው እያፈረ ነው። ነገሩ ሁለት መንገድ እንዳለው ነገራት። የበሩ ትዕይንት ይቆረጥ ከተባለ ጋሼ ፊልሙ ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ብቅ ብለው ይጠፋሉ፤ ፊልሙም ሆዱ ይወጣል። ትዕይንቱ ይቆይ ከተባለ ደግሞ በሌላ ሰው ድምፅ ይተካል፤ እዚያ ከተተካ ሌላውም ቦታ መተካት አለበት፤ አንድ ሰው ሁለት ድምፅ ሊኖረው አይችልም።

"እኔ ብቻዬን ልወስነው አልችልም" አላት። "ፊታቸው ይቅር ወይስ ድምፃቸው? አንቺ ንገሪኝ።"

 ድምፅ ቀጂዋ መናገር የፈለገችው ብዙ ነበር። እኒህ ሰው በድምፃቸው ነው የኖሩት፣ በእጃቸው የቀረ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው፣ እሱንም እኔው ነኝ ያጠፋሁባቸው፣ አንድ ደቂቃ ብታገሥ ኖሮ። ይህን ሁሉ ለራሷ ያዘችው። ከዚያ መስታወት ፊት የቆሙት ሰውዬ መጡባት፤ ጉንጫቸውን እየዳሰሱ።

"ፊቱ ይቆይ" አለች። "አባዬ ሰው እንዲያየው ይፈልጋል።"

ሌላ ሰው ተቀጠረ። ድምፁን የቀዳችው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው ይቅዳው ቢሏትም እምቢ አለች። ሰውዬው ጎበዝ ነበር፤ ወፍራም፣ ሰፊ ድምፅ ያለው፣ ሥራውን በሰዓቱ ጨርሶ የሚሄድ። ምንም አላጠፋም። በጆሮ ማዳመጫዋ ውስጥ "በሩን ክፈቺልኝ" ሲላት ዓይኗን ጨፈነች፣ የድምፁን መጠን አስተካከለች፣ ቀጠለች። እንከን የለበትም ነበር።

ፊልሙ የተመረቀው ከሰዓት በኋላ ነው። አባቷን አለበሰቻቸው፣ አንገታቸውን የሚሞላ አዲስ ሸሚዝ ገዝታላቸው ነበር። አዳራሹ በር ላይ ሰው ከበባቸው፤ ካሜራማኑ በሕዝቡ መሀል መንገድ እያስለቀቀ "ኮከቡ ያልፋል፣ ኮከቡ ያልፋል" እያለ አስገባቸው። አባቷ ለሁሉም አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የት እንደመጡ ያወቁ አይመስልም፤ የተከበሩበት ቦታ መሆኑ ግን ገብቷቸዋል።

መብራቱ ጠፋ። ፊታቸው ያንን ሰፊ ግድግዳ ሞልቶ ሲወጣ፣ አዳራሹ ውስጥ አንድ የማድነቅ ትንፋሽ አለፈ። ጋሽ መረዋ እኒህ ናቸው ለካ። ልጃቸው ያንን ትንፋሽ ሰማችው፤ የአባቷን ድምፅ የሰጠችው ለእሱ ብላ ነው። ከጎኗ የተቀመጡት ሴት "ድምፃቸው ግን አሁንም አላረጀም፣ ተመስገን" ብለው ለጓደኛቸው ሲያንሾካሹኩ ሰማች። እሱንም ሰማችው።

የበሩ ትዕይንት መጣ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ አንድም ሰው አያስልም። "በሩን ክፈቺልኝ" አለ ግድግዳው ላይ ያለው አባቷ፣ በዚያ ሰፊ ድምፅ። አባቷ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ ድሮ የተቀዳውን መልሰው ሲያሰሟቸው እንደሚያዳምጡት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ።

"ማነው ይሄ?" አሏት።

ሰሞኑን የሚናገሩትን ሁሉ ሰው ያርማቸዋል። ዛሬ ማክሰኞ ነው ሲሉ ሐሙስ ነው ይባላሉ። እናትሽ መጣች ወይ ሲሉ ሞታለች ይባላሉ። በልቻለሁ ሲሉ አልበላህም፣ አልበላሁም ሲሉ በልተሃል ይባላሉ። እሷም ከሚያርሟቸው አንዷ ናት።

"አንተ ነህ፣ አባዬ" አለቻቸው።

ጥቂት አዳመጡ። "አይደለሁም" አሉ። ቁጣ የለበትም፤ እርግጠኛ ሆነው ነው። "ፊቱ የኔ ነው። ሰውዬው ግን እኔ አይደለሁም።"

ልጃቸው ግድግዳውን አየች፣ እሳቸውን አየች። ከግድግዳው የሚመጣው ብርሃን ፊታቸው ላይ ይንቀሳቀሳል። የሚጠብቁት እርማቱን ነበር፤ ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ተሳስተሃል እስኪባሉ ይጠብቃሉ።

"ልክ ነህ፣ አባዬ" አለቻቸው። "አንተ አይደለህም።"

"ብዬሽ ነበር" አሉ። ትከሻቸው ወረደ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር እንዳወቀ ሰው በወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉና፣ እጃቸውን እጇ ላይ አሳርፈው፣ ያንን የማያውቁትን ሰው እስከ መጨረሻው አዳመጡት።